በዝሆኔ በሽታ ለሚቸገሩ ሰዎች የመንፈስ ጤና አጠባበቅ

ለረጅም ጊዜ በሚቆይ ደዌ የተያዘ ሰው አካሉ ብቻ ሳይሆን ልቡም ይደክማል። ልቡ የደከመ ሰው ደግሞ ሐኪም ያዘዘለትን ንጽሕና መጠበቅ ያቅተዋል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን፣ በዝሆኔ የተያዘ ሰው መንፈሱን ስለሚያበረታበት ዘዴ እንገልጻለን።

የበሽታው ምክንያት

በሳይንስ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የርግማንም ውጤት አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ስለሚጎዳ እግር ያብጣል። ይህን ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጉት ምርምር አስረድተዋል። በትንኝ ንክሻ የሚመጣ ሌላ ዓይነት ዝሆኔም ስላለ፣ ሁለቱን መለየት የጤና ባለሙያ ሥራ ነው።

ፖዶኮኒዮሲስ የሚበዛው ዝናብ በማያጣው ደጋና ወይና ደጋ ነው። በጋሞ ደጋ ያደገ ሰው እግሩ ካበጠ በኋላ ወደ ላንቴ ወርዶ በሙዝ እርሻ ቢሠራ፣ በሽታው አብሮት ይወርዳል። ምክንያቱን የማያውቁ አዲስ ጎረቤቶች ቢሸሹት ደግሞ ኀዘኑ ይበዛል።

በሰሜን ኢትዮጵያ ገጠር ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ የድብርት ምልክት ከበሽተኞቹ ከመቶ 12.6 በሚሆኑት ሲታይ፣ ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ግን ከመቶ 0.7 በሚሆኑት ብቻ እንደታየ ገልጿል።

መንፈስን ማበርቻ ዘዴዎች

በውጭ አገር መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው የነርቭ ደዌ ለተያዙ ሰዎች አሳብንና ልማድን የሚያርቅ ሕክምና ሲሰጥ፣ ድብርታቸው መቀነሱ በምርምር ታውቋል። የዚህ ሕክምና መሠረታዊ አሠራር ለሌላም የረጅም ጊዜ በሽተኛ ሊረዳ የሚችል ነው።

1ኛ/ አሳብን መመርመር። በሽተኛው «ሰው ሁሉ ይጸየፈኛል» የሚል አሳብ ሲመጣበት፣ «ዛሬ ሰላም ያለኝ ማን ነው? ቡና የጠራኝስ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። በእውነት የሚያገልለው ሰው ቢኖር እንኳ፣ ጥፋቱ የአግላዩ እንጂ የእርሱ አለመሆኑን ይወቅ።

2ኛ/ ሥራን ከፋፍሎ መያዝ። ሥራ መፍታት ድብርትን ያብሳል፤ ከአቅም በላይ መሥራትም ሕመምን ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ጥቂት ሠርቶ፣ እግርን ከፍ አድርጎ ዐርፎ፣ እንደገና መሥራት ይሻላል። ተቀምጦ ጥጥ መፍተልም ሥራ ነው።

3ኛ/ እስትንፋስን ማረጋጋት። ጭንቀት ሲበረታ ተቀምጦ በአፍንጫ በዝግታ መሳብና ይበልጥ በዝግታ ማስወጣት፣ ይህንንም ለጥቂት ደቂቃዎች መደጋገም ሰውነትን ያላላል።

4ኛ/ መታጠብን ከታወቀ ሰዓት ጋር ማያያዝ። ሁልጊዜ ማታ ከራት በፊት እግርን በውኃና በሳሙና አጥቦ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር አድርቆ፣ ቅባት መቀባት፤ ሲወጡም ካልሲና ጫማ ማድረግ ይገባል። በምሥራቅ ጎጃም 696 በሽተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እንዲህ ያለው እንክብካቤ በድንገት የሚነሣውን የእግር ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ሕመሙ ሲቀንስ ተስፋ ይመለሳል።

5ኛ/ ከሰው አለመለየት። በእድር፣ በለቅሶ፣ በሠርግ፣ በዱቡሻም ሸንጎ መገኘት እንደ መድኃኒት የሚቆጠር ነው።

የመምህራንና የጎረቤት ድርሻ

መምህር ሆይ፣ እግሩ ያበጠ ተማሪ በክፍልዎ ቢኖር ከጓደኞቹ ለይተው አያስቀምጡት። በሽታው እንደማይተላለፍ ለክፍሉ በግልጽ ያስረዱ፤ የልጁን ስም ግን ለምሳሌ አያንሡ። በኀፍረት ትምህርቱን የተወ ልጅ ቢኖር ቤቱ ድረስ ሄደው ወላጆቹን ያነጋግሩ።

ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት፣ እንቅልፍና ምግብ የተወ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሞትን የሚመኝ ከሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ሊዘገይበት፣ ብቻውንም ሊተው አይገባም።

ያበጠ እግር በአንድ ቀን አይጎድልም፤ የጎረቤት ሰላምታ ግን ዛሬውኑ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከእርሱ እንጀምር።