ከታይሮይድ ካንሰር በኋላ አንገትን ስለ መጠበቅ

በቀደም አንዲት እናት ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ሽንብራ የምታህል እብጠት እያሳዩኝ፣ «እጢው ወጥቶልኝ የለ፤ ካላመመችኝ ምን ታደርገኛለች?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ከብዙዎች ስለሚደርሰኝ እነሆ መልሱ።

የታይሮይድ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ተወግዶ ሥጋ ከዳነ ከብዙ ዓመታትም በኋላ ያለ አንዳች ሥቃይ ሊመለስ ይችላልና፣ የሕመም አለመኖር የፍጹም ፈውስ ምስክር አይደለም።

ምልክቶቹ፦

1. በአንገት ላይ ቀስ በቀስ የሚያድግ ጠጣር እብጠት ወይም ንፍፊት፤
2. የሚሰነብት የድምፅ መጎርነን፣ የመዋጥ ችግር፤
3. የማይለቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአጥንት ሕመም።

ብዙ ጊዜ ግን ምልክት ሳይገለጥ አስቀድመው የሚደርሱበት የታይሮግሎቡሊን የደም ምርመራና የአንገት አልትራሳውንድ ናቸውና፣ ቀጠሮአችሁን አትዝለሉ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ክኒናችሁንም ያለ ሐኪም ፈቃድ አታቋርጡ። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ።