«ሽማግሌ ሲመጣ ወንድሜን ልደብቀው?»

ሰሞኑን ከመተማ ዮሐንስ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከእጄ አልወጣ ብሏል። ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። እንዲህ ትላለች፦

«ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው። ጎንደር ወስደነው ኦቲዝም እንዳለበት ተነግሮናል። አጎታችን መጋዘን ውስጥ የሰሊጥ ኩንታል ሲቆጥር አንድ አይስትም። ችግሩ ድምፁ ነው፤ ‹እንደምን አደራችሁ› ሲል እንኳ የተጣላ ነው የሚመስለው። በሚቀጥለው ወር ሽማግሌ ሊላክብኝ ነው። ቤተሰቦቼ ለዚያን ቀን ገንዳ ውሃ አክስቴ ዘንድ ይሂድ አሉ። ሆዴ አልችል አለኝ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?»

እህቴ፣ ሆድሽ እውነቱን ነግሮሻል። ወንድምሽን አትደብቂው!

እኛ ስናወራ ጆሯችን የራሳችንን ድምፅ፣ ዓይናችን ደግሞ የሰሚውን ፊት ይከታተላል። ሰው ግንባሩን ሲቋጥር ሳናስበው ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ኦቲዝም ላለባቸው አንዳንድ ሰዎች ግን ይህ በራሱ አይመጣላቸውም። ደስታ ወይም ጭንቀት ሲበዛ ደግሞ ድምፁ ይብስበታል። ሁሉም ይጮሃሉ ማለት አይደለም፤ ጭራሽ የማይሰማ ድምፅ ያላቸውም አሉ። ሐኪሙ ሃንስ አስፐርገር እ.ኤ.አ. በ1944 ሁለቱንም ዓይነት ጽፎታል። ስለዚህ ንቀትም ብልግናም አይደለም።

መተማ ገበያ መሀል ማን ልብ ይለዋል? የመኪናው ጥሩምባ፣ የቀን ሠራተኛው ጫጫታ፣ አማርኛውና አረብኛው ተቀላቅሎ… ጣጣው ያለው ቤት ውስጥ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥና ኬላ ላይ ነው። መሣሪያ የያዘ ሰው ፊት ከፍ ያለ ድምፅ ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ነገሩ የይሉኝታ ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ነው።

እስቲ እነዚህን ሞክሪ፦

አንደኛ፣ ጆሮውን አስመርምሪ። በደንብ የማይሰማ ሰውም ይጮሃል።

ሁለተኛ፣ «ቀስ በል» ማለት ለእሱ ልክ የለውም። ቁጥር ስጪው፦ 1 ሹክሹክታ፣ 2 የቤት ወሬ፣ 3 የገበያ፣ 4 «ድረሱልኝ!»። እንግዳ በሌለበት፣ ረጋ ባለ ሰዓት አብራችሁ ተለማመዱ።

ሦስተኛ፣ ሰው ፊት «አትጩህ!» ብለሽ አትጩሂበት። ሁለት ጣትሽን ጉልበትሽ ላይ ስታደርጊ «2 ቁጥር» ማለት መሆኑን ተስማሙ። ሲያስተካክል አመስግኚው።

አራተኛ፣ ሙቀቱና ጫጫታው ሲበዛበት ወጣ ብሎ የሚያርፍበት ቦታ ይኑረው። ኬላ ላይ ደግሞ ቀድመሽ «ድምፁ ነው እንጂ ቁጣ አይደለም» በይ።

መደበቁን በተመለከተ ወይዘሮ ዘሚ የኑስን ላንሳልሽ። ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን ሲያሳድጉ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ ጓዳ ይደብቅ ነበር። እሳቸው ግን በአደባባይ ተናገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በ2021 እስካረፉ ድረስም ስለ እነዚህ ልጆች ከመናገር ዝም አላሉም።

አንቺም ለእጮኛሽ ዛሬውኑ ንገሪው። አባትሽም ሽማግሌዎቹ እንደተቀመጡ «ልጄ ድምፁ ከፍ ይላል፤ እንግዳ ሲመጣ ደስ ብሎት ነው» ይበሉ። አንዴ ከተነገረ የሚያሳፍር ነገር አይቀርም። ወንድሙ ተደብቆ የተጀመረ ትዳር ግን ስንት ዓመት ሲደብቅ ሊኖር ነው?

ለሰርጉ ቀን ደግሞ አታስቢ፤ ያን ዕለት 4 ቁጥር ለሁሉም የተፈቀደ ነው!