ብርቅ ቴምብሮችና የሐራጅ ገበያ

ቴምብር ለአንድ ደብዳቤ መላኪያ የሚገባው ገንዘብ መከፈሉን የሚያረጋግጥ ትንሽ ወረቀት ነው። ደብዳቤው ከተላከለት ሰው እጅ ሲደርስ የቴምብሩ አገልግሎት ያበቃል። ሆኖም አገልግሎቱን ከጨረሰ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው አንድ ቁራጭ ወረቀት በሐራጅ አዳራሽ ቀርቦ፣ ትልቅ ሕንፃ ሊያሠራ በሚችል ገንዘብ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ይህን ለሚሰማ ሰው ነገሩ የባለጠጎች ቅንጦት ብቻ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገር ግን የቴምብር ዋጋ የሚወሰንበት ምክንያት አለው። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ብዙ ዋጋ የሚያወጣውን ይጥላል፤ ዋጋ የሌለውን ደግሞ ውድ ነው ብሎ ያስቀምጣል።

ብዙ ሰዎች አንድ ቴምብር ውድ የሚሆነው ስላረጀ ነው ብለው ያስባሉ። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አለመሆኑን ለመረዳት የዓለምን የመጀመሪያ ቴምብር መመልከት ይበቃል። ይህ ቴምብር የወጣው በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ከዚያ በፊት በአብዛኛው የደብዳቤውን ዋጋ ይከፍል የነበረው ተቀባዩ ነበር፤ ዋጋውም እንደ መንገዱ ርቀት ከፍ ይል ነበር። ሮውላንድ ሂል የተባለው ሰው ባቀረበው አሳብ መሠረት ግን ላኪው አስቀድሞ አነስተኛና አንድ ወጥ የሆነ ዋጋ እንዲከፍል ተወሰነ። ለዚሁም የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል ያለበት ጥቁር ባለ አንድ ፔኒ ቴምብር ታተመ። የታተመው ብዛት 68 ሚሊዮን ያህል ስለሆነና ከዚህም ውስጥ ብዙው በየደብዳቤው ላይ እንደተለጠፈ ስለቆየ፣ ቴምብሩ የመጀመሪያው ቢሆንም እጅግ ብርቅ ከሚባሉት ወገን አይደለም። እንግዲህ ለዋጋ ዋናው ነገር ዕድሜ ሳይሆን፣ ከታተመው ውስጥ ምን ያህሉ ተርፏል፣ ፈላጊውስ ስንት ነው የሚለው ነው።

ለዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነው በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ጠረፍ በምትገኘውና በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው ጊያና የታተመው ቴምብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ከለንደን ይመጣ የነበረው ቴምብር በወቅቱ ሳይደርስ ቀረ። የፖስታ ቤቱ ሹምም ሥራው እንዳይቋረጥ በጆርጅታውን ከተማ የሚገኝ አንድ የጋዜጣ ማተሚያ ቤት ጊዜያዊ ቴምብር እንዲያትም አዘዘ። ማተሚያ ቤቱ የመርከብ ሥዕል ያለበት ቴምብር አዘጋጀ። የኅትመቱ ሥራ ያልተራቀቀ በመሆኑ አስመስሎ መሥራት አስቸጋሪ አልነበረም። ይህንንም ለመከላከል የፖስታ ቤቱ ጸሐፊዎች ቴምብሮቹ ላይ የስማቸውን መነሻ ፊደላት በእጃቸው እንዲጽፉ ተደረገ። ከእነዚህ መካከል በሐምራዊ ቀይ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የታተመው ባለ አንድ ሳንቲም ቴምብር ለጋዜጣ መላኪያ የሚያገለግል ነበር። ጋዜጣ ደግሞ ተነብቦ የሚጣል ነገር ስለሆነ ቴምብሩም አብሮ ተጣለ። ከጥፋቱ ተርፎ እስከ ዛሬ እውነተኛነቱ የተረጋገጠለት አንድ ብቻ ነው።

ይህን ቴምብር እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው በዚያው በጊያና የሚኖር የ12 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ ከአጎቱ አሮጌ ወረቀቶች መካከል አግኝቶ ከስብስቡ ጋር አስቀመጠው፤ በኋላ ግን አራቱም ማዕዘኖቹ የተቆረጡና መልኩም የማያምር ስለነበር በስድስት ሽልንግ ሸጠው። ቴምብሩ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ አውሮፓ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1922 በፓሪስ በተደረገ ሐራጅ ከ30,000 ዶላር በላይ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1970 በ280,000 ዶላር፣ በ1980 በ935,000 ዶላር ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 በኒው ዮርክ ከተማ ወደ 9 ሚሊዮን 480 ሺህ ዶላር ካወጣ በኋላ፣ በ2021 እንደገና ለሐራጅ ቀርቦ 8 ሚሊዮን 307 ሺህ ዶላር ያህል አወጣ። የመጨረሻው ዋጋ ከፊተኛው ማነሱ ሊስተዋል ይገባዋል። የቴምብር ዋጋ ሁልጊዜ እየጨመረ የሚሄድ አይደለም፤ በገበያው ዕለት ከሚገኙት ገዢዎች ፍላጎትና አቅም ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

የሐራጁ አሠራር የሚከተለው ነው። ባለቤቱ ቴምብሩን ለአጫራቹ ድርጅት ያስረክባል። ድርጅቱም ዕቃውን በባለሙያ አስመርምሮ ተራ ቁጥር ይሰጠውና ዝርዝር መግለጫውን፣ ፎቶግራፉንና የግምት ዋጋውን በአንድ መጽሔት አትሞ ለሰብሳቢዎች ያሰራጫል። ገዢዎች ከሐራጁ ቀን በፊት ዕቃውን በዓይናቸው እንዲመለከቱ ይፈቀድላቸዋል። በዕለቱ አጫራቹ መነሻ ዋጋውን ይጠራል፤ ተጫራቾችም አንዱ ካንዱ እየበለጡ ዋጋ ይጨምራሉ። የሚጨምር ሲጠፋ አጫራቹ በመዶሻ ጠረጴዛውን ይመታል፤ ዕቃውም የመጨረሻውን ዋጋ ለሰጠው ሰው ይሆናል። ባለቤቱ አስቀድሞ ከወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ በታች ከሆነ ግን ዕቃው ሳይሸጥ ይመለሳል። ገዢው በመዶሻ ከጸደቀው ዋጋ በላይ ለድርጅቱ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ አለበት፤ ከሻጩም ላይ ኮሚሲዮን ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ በወሬ የሚሰማው ዋጋና በሻጩ እጅ የሚገባው ገንዘብ አንድ አይደሉም።

ከብርቅነት ቀጥሎ ዋጋን የሚወስነው የቴምብሩ ይዞታ ነው። ያልተቀደደ፣ ያልተጨማደደ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ በዙሪያው ያሉት ጥርሶች ያልጎደሉ ቴምብር ከተጎዳው ይበልጥ ተፈላጊ ነው። በኅትመት ጊዜ የተፈጸመ ስሕተትም ዋጋ ሊጨምር ይችላል። በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ1855 ከወጡት ቴምብሮች መካከል አረንጓዴ መሆን የነበረበት ባለ ሦስት ሺሊንግ በስሕተት ቢጫ ሆኖ ታትሟል። ከዚህ ዓይነት የታወቀው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በዙሪክ ከተማ ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ አውጥቷል።

ቴምብሩ ከተለጠፈበት ፖስታ ጋር ሲገኝ ደግሞ ዋጋው በሌላ መንገድ ይጨምራል። በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው በሞሪሸስ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1847 ባለ አንድ ፔኒና ባለ ሁለት ፔንስ ቴምብሮች እያንዳንዳቸው በ500 ብዛት ታትመው ነበር። ከሁሉም የተረፉት 30 እንኳ አይሞሉም። ሁለቱም ዓይነቶች በአንድነት ተለጥፈውበት የተገኘው፣ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ከተማ ለሚኖር የወይን ጠጅ ነጋዴ የተላከው ደብዳቤ ብቻ ነው። ይህም ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ1993 በዙሪክ ከ5 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጧል። በዚሁ ዓመት የሞሪሸስ ባንክና ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው ከሌሎቹ መካከል ሁለቱን ቴምብሮች በመግዛት ወደ አገራቸው መለሷቸው። ቴምብሮቹ የሚጠበቁበትም ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2001 በፖርት ሉዊስ ተከፈተ።

የኢትዮጵያም የፖስታ ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ካወጁ በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ቴምብሮች በፓሪስ ታተሙ። ሰባት ዓይነት ሲሆኑ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በቀሩት በሦስቱ ላይ የአንበሳ ምስል ይገኛል። ከእነዚህ ቴምብሮች ብዙዎቹ ደብዳቤ ሳይላክባቸው በአውሮፓ ለሰብሳቢዎች ስለተሸጡ ጥቅም ላይ ያልዋሉትን ማግኘት አያስቸግርም። በደብዳቤ ላይ ተለጥፈው፣ የፖስታ ቤት ማኅተም ተመትቶባቸው የተጓዙት ግን ጥቂት ናቸው። በተጨማሪም ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ የአገሪቱ ቴምብር በውጭ አገር ተቀባይነት አልነበረውም። ስለዚህ በጅቡቲ በኩል ወደ አውሮፓ በሚሄድ ደብዳቤ ላይ ከኢትዮጵያው ቴምብር ሌላ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። የሁለት አገር ቴምብርና ማኅተም ያለበት እንዲህ ያለው ፖስታ፣ ደብዳቤው ከየት ተነሥቶ በየት በኩል መቼ እንዳለፈ የሚመሰክር ሰነድ ነው። ቴምብሩን በውኃ ዘፍዝፎ ከፖስታው ያላቀቀ ሰው አንድ ተራ ቴምብር ይቀርለታል፤ የመንገዱና የዘመኑ ምስክርነት ግን ይጠፋል። የጠፋውንም መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ገንዘብ ባለበት ሁሉ አስመሳይ አይጠፋምና የቴምብር ገበያም ከሐሰተኞች ነፃ አይደለም። በፈረንሳይ አገር ይኖር የነበረው ዣን ደ ስፔራቲ ቴምብሮችን አስመስሎ በመሥራት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ ፖርቱጋል የላካቸውን ቴምብሮች የፈረንሳይ ጉምሩክ ያዘና ውድ ዕቃ ሳያስመዘግብ ከአገር ሊያወጣ ሞከረ ብሎ ከሰሰው። ስፔራቲ ቴምብሮቹ እርሱ ራሱ የሠራቸው ማስመሰያዎች መሆናቸውን ቢናገርም፣ የተጠየቁት ባለሙያዎች እውነተኛ ናቸው ብለው መሰከሩበት። ዛሬ ባለሙያዎች ወረቀቱን፣ ቀለሙን፣ ሙጫውንና ማኅተሙን በማጉያ መነጽርና በልዩ ብርሃን መርምረው የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ብርቅ ቴምብር ያለ ምስክር ወረቀት ለመግዛት የሚደፍር አስተዋይ ሰብሳቢ የለም።

ከላይ እንደተገለጸው የአንድ ቴምብር ዋጋ የሚመነጨው ከተረፈው ቁጥር ማነስ፣ ከፈላጊው ብዛት፣ ከይዞታው፣ ከእውነተኛነቱና ከሚሰጠው የታሪክ ምስክርነት ነው። በየቤቱ በሣጥን ከሚገኙት አሮጌ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በሐራጅ ገበያ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ አይደሉም። ይሁን እንጂ ተራውን ከብርቁ ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ከተመረመረ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም። ስለዚህ አሮጌ ደብዳቤ ያገኘ ሰው ቴምብሩን ሳይቆርጥና ሳያላቅቅ፣ ማኅተሙን ሳይፍቅ፣ ከነፖስታው ከእርጥበትና ከፀሐይ ጠብቆ ለሚያውቅ ሰው ቢያሳየው ይበጃል። ደብዳቤው ገንዘብ ባያወጣ እንኳ የጻፉትንና የተጻፈላቸውን ሰዎች ዘመን ለማወቅ ለሚፈልግ ትውልድ ይጠቅማል።