ቀይ አፈር፣ ባዶ እግር እና የ24 ቀን ሂሳብ

ሳይንስ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ነጭ ጋዋን፣ ትልቅ ቴሌስኮፕ፣ ሩቅ አገር ነው። ሂሳብ ደግሞ ለማትሪክ ተጠንቶ ከዚያ የሚረሳ ነገር ነው። ዛሬ ግን ሐኪም፣ የሂሳብ ሰው፣ የአፈር ተመራማሪና ሳተላይት አንድ ላይ የለፉበትን ጉዳይ ላውራችሁ። ጉዳዩ የወለጋ ቀይ አፈር ነው፤ በዚያ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ ገበሬ ነው።

በሽታውን “ዝሆኔ” እንለዋለን። ነቀምቴ ላደግን ሰዎች አዲስ አይደለም። ቀሚሷን እስከ መሬት ለቃ፣ እግሯን ከጆንያው ኋላ ደብቃ ገበያ ዳር የምትሸጥ እናት አይተናል። ስለ መንስኤው የሰማነውም ብዙ ነው። እባብ ረግጣ ነው፣ መድኃኒት ተደርጎባት ነው፣ እርግማን ነው። ከሁሉም የሚከፋው ግን “ዘራቸው ነው” የሚለው ነው። ለምን እንደሚከፋ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ታሪኩን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዝሆኔ በብዙ አገር የሚመጣው በትንኝ ንክሻ ወደ ሰውነት በሚገባ ትል ነው። በእኛም አገር ጋምቤላን በመሰሉ ቆላማ አካባቢዎች ይህ ዓይነቱ አለ። ታዲያ ትሉ በማይገኝበት ደጋና ወይና ደጋ ያለው ሰው እግር ለምን ያብጣል? ይህን ጥያቄ በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ አጥብቆ የያዘው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታንያዊ ቀዶ ሐኪም ነበር። በሽታው የሚበዛው የት እንደሆነ ተከታተለ፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት ሆነ። ከታማሚዎች ብሽሽት የተወሰደ እጢ በማይክሮስኮፕ ሲታይም የአፈር ማዕድን ቅንጣት ተገኘበት። ቅንጣቱ በቆዳ በኩል ገብቶ ሰውነትን ያስቆጣል፤ በጊዜ ብዛት የእግር ፈሳሽ የሚመላለስበት መስመር ይዘጋል። ፕራይስ በ1988 በሽታውን “ፖዶኮኒዮሲስ” አለው። ቃሉ የተሠራው “እግር” እና “አቧራ” ከሚሉ የግሪክ ቃላት ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከነቀምቴ ተነስታችሁ ዴዴሳን ተሻግራችሁ፣ ጊምቢን አልፋችሁ ወደ ምዕራብ ስትቀጥሉ ጉሊሶ ወረዳ አለ። በ2011 የታተመ ጥናት በወረዳው የገጠር ቀበሌዎች 1,935 ታማሚዎችን መዝግቧል። ከ100 ሰው ወደ 3 የሚጠጋ ማለት ነው። በሽታው በሴቶች ላይ ከወንዶች 2.6 እጥፍ ይበዛ ነበር። ከታማሚዎቹ 90 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከ15 እስከ 64 ዓመት ያሉ፣ ማለትም አርሰው፣ ነግደው፣ ቤት የሚያቆሙ ሰዎች ናቸው።

ተመራማሪዎቹ ከእነዚህ መካከል 335 ሰዎችን ቁጭ ብለው ጠየቁ። ዝሆኔ ያለበት ሰው በየጊዜው የሚነሣበት ሕመም አለ። እግሩ ይቀላል፣ ይነድዳል፣ ብሽሽቱ ያብጣል፣ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። ይህ በዓመት በአማካይ 5.5 ጊዜ ይመጣል፤ አንዱ ሲመጣ 4.4 ቀን ይቆያል። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱና አባዙት። 24 የሥራ ቀን ይመጣላችኋል። አሁን ደግሞ ሁሉም ታማሚ እንደ ተጠየቁት ነው ብላችሁ 24ን በ1,935 አባዙ። 46,440 ቀን! ለ365 ብታካፍሉት 127 ዓመት ያልፋል። አንድ ወረዳ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ የ127 ዓመት ዕድሜ አልጋ ላይ አሳለፈ ማለት ነው። ይሄ ሂሳብ ለፈተና አይደለም።

አገሪቱን በሙሉ ለማየት ግን ካልኩሌተር አይበቃም። በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ ቅኝት፣ ከበደ ዴሪቤ የተባለው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከ1,315 መንደሮች የ130,000 ሰዎችን ያህል መረጃ ይዘው ተነሡ። ያልተሄደበት መንደርስ እንዴት ይታወቃል? እዚህ ላይ ነው የቦታ ስታቲስቲክስ የሚገባው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይመሳሰላል። ላይኛውና ታችኛው መንደር ላይ ምን እንዳለ ካወቅህ፣ የመሃሉን ዝናቡን፣ ከፍታውንና አፈሩን አይተህ ትገምታለህ፤ ግምትህ ምን ያህል ሊስት እንደሚችልም ታሰላለህ። መረጃው ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከፊሉ ከሰማይ ነው። የመሬቱን ልምላሜ የሚለኩ ሳተላይቶች አሉ፤ ሌሊት የትኛው ከተማ እንደሚበራ፣ የትኛው ገጠር ጨለማ እንደሆነ የሚያነሱም አሉ። ውጤቱ ሲወጣ በሽታው የሚመቸው ዓመታዊ ዝናቡ ከ1,000 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ ቦታ ሆኖ ተገኘ። የወለጋ ደጋማ ከተሞችን ስም መጥራት አያስፈልገኝም። እንዲህ ባለ ቦታ ወደ 35 ሚሊዮን ኢትዮጵያዊ ይኖር ነበር። የታመሙት አዋቂዎች ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ተሰላ።

አሁን “ዘራቸው ነው” ወደሚለው ልመለስ። ሰፈራችን አንዲት ልጅ ነበረች። ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገሩ አልቆ፣ ቀን ሊቆረጥ ሲል የእናቷ እግር ታየ። ጋብቻው ቀረ። የልጅቷ እግር ጤነኛ ነበር፤ ማንም አልጠየቀም። “ዘራቸው ውስጥ አለ” ተባለ፣ በቃ።

እውነቱን ለመናገር ዘር በነገሩ ውስጥ የለም አይባልም። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ የወላይታ ታማሚዎችን ዘረመል መርምረው፣ የሰውነትን መከላከያ በሚመሩ ጂኖች አካባቢ ልዩነት አግኝተዋል። አንድ ማሳ ላይ ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ይህ ይረዳል። ግን ልብ በሉ፤ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለአፈሩ መቆጣት ነው። አፈሩ ቆዳን ካልነካ የሚያስቆጣ ነገር የለም። ከልጅነቱ ጀምሮ የተሸፈነ ጫማ ያደረገና እግሩን የሚታጠብ ልጅ፣ እናቱ ታማሚ ብትሆንም እሱ ይድናል። በሽታው ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ “ዘራቸው ነው” ግማሽ እውነት ነው፤ ያቺን ልጅ ጋብቻዋን ያሳጣት ይሄው ግማሹ ነው።

ለታመመውም ተስፋ አለ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2018 የታተመ ሙከራ፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ በአንድነት ምን እንደሚሠሩ ለካ። ያ አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም የሚመጣበት ጊዜ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀነሰ። ለዚህ ትልቅ ማሽን አላስፈለገም።

ታዲያ ምን ቀረ? የጉሊሶ ሰዎች ጫማ የማያደርጉበት ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነበር። ስለዚህ ባዶ እግሩን የሚሄድን ሰው “ሰነፍ ነው” ከማለታችን በፊት ኪሱን እናስብ። ገጠር ላሉት ታናናሾቻችሁ ለበዓል የምትገዙት ነገር ካለ ጫማ ይሁን፤ ነጠላ ጫማ ሳይሆን የተሸፈነ። እግሩ ማበጥ የጀመረ ዘመድ ካላችሁ፣ ሳይደብቀው በጊዜ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሌላው ወጪ የለውም። በቤታችሁ የጋብቻ ወሬ ተነስቶ አንዱ ትልቅ ሰው “የእናቷን እግር አይታችኋል?” ሲል፣ ለእሱ የሚመልስ አንድ ወጣት ክፍሉ ውስጥ መኖር አለበት። “አባባ፣ እሱ ከአፈሩ ነው፤ ጫማ ካደረጉ ልጆቻቸውን አይነካቸውም” ይበል።