ጌሾ አያሰክርም

«የዘጌ ጌሾ ስለሆነ ነው የሚያዞረው» ሲባል ባሕር ዳር ጠላ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ሳይሰማ አይቀርም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወዳጄ ጨመረበት፦ የጃፓኑ ሳኬ ጌሾ ስለማይገባበት የወይን ዘመድ እንጂ የጠላ አይደለም አለኝ። ሁለቱም ስሕተት ነው።

እርሾ ስኳር በልቶ አልኮል እንደሚያወጣ ይታወቃል፤ አልፈዋለሁ። ቁም ነገሩ ስኳሩ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ማርና ወይን ስኳራቸውን ይዘው ስለሚመጡ ለጠጅ ማሩን መበረዝ ይበቃል። ገብስ፣ ዳጉሳና ሩዝ ግን ያላቸው ስታርች ነው፤ በክር እንደተሰካ ዶቃ የተያያዘ ስኳር። እርሾ ዶቃውን ከነክሩ አይውጥም። ክሩን የሚበጥሰው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ገብስ ተዘፍዝፎ ሲጎነቁል ለቡቃያው ምግብ ሊያወጣ ይህን ኢንዛይም ያመርታል፤ ደርቆ ሲፈጭ ብቅላችን እርሱ ነው። ጋን ውስጥ ሲገባ የራሱን ብቻ ሳይሆን የኪታውንና የእንኩሮውንም ስታርች ይበጣጥሳል። ጠማቂዋ እንኩሮውን ሳታበርድ ብትጨምረው ግን ትኩሳቱ ኢንዛይሙንም እርሾውንም ይገድልባታል።

ጃፓኖች ለሳኬ ብቅል አይጠቀሙም። በእንፋሎት በበሰለ ሩዝ ላይ ኮጂ የሚሉትን ሻጋታ ያበቅላሉ፤ አሚሌዙን የሚያመርተው ሻጋታው ነው። ሻጋታው እየበጠሰ፣ እርሾው እየበላ፣ ሁለቱ ሥራ በአንድ በርሜል ይካሄዳል። ስኳሩ ስለማይከማች እርሾው አይታፈንም፤ ሳኬ ውኃ ሳይጨመርበት እስከ 20 በመቶ አልኮል የሚደርሰውም ለዚህ ነው። የጠላ ድፍድፍም እንዲሁ እየተበጠሰ ይበላል። እንግዲህ ሳኬ ለጠላ ይቀርባል፤ ከጠጅ ይርቃል።

ታዲያ ጌሾ ምን ይሠራል? ያመርራል፤ ለምሬቱ ጌሾይዲን የተባለው ንጥረ ነገር ድርሻ አለው። መጠጡን የሚያኮመጥጡ ባክቴሪያዎችንም ይገታል ይባላል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ቅጠሉና እንጨቱ አንድ አይደሉም፣ የአንዱ ቤት ጥንስስ ከሌላው ይለያል። ለመፍላት የሚያስፈልገው እርሾ ከጌሾው፣ ከማሩ ወይስ ከጋኑ ግድግዳ ይመጣል የሚለውም ያከራክራል። እኔ ወደ ጋኑ አዘነብላለሁ፤ ጋኑ በወይራ በደንብ በታጠነበት ቤት ግን አልከራከርም።

የማያከራክረው ይህ ነው፦ የደቡቡ ቦርዴ ያለ ጌሾ ይጠመቃል፣ ያሰክራልም። አረቄም ሲወጣ ምሬቱ ከድፍድፉ ጋር ይቀራል፤ ግን ከሁሉም የሚበረታው እርሱ ነው።

በዘጌ ትውፊት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር የበቀሉ ናቸው፤ በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ስለሆነ ኑሮው ከነዚሁ ዛፎች ነው። ስለዚህ የዘጌን ጌሾ ለጣዕሙ ግዙ፤ ጠንካራ ጠላ የምትፈልጉ ግን ጠማቂዋን ስለ ብቅሉና ስለ ውኃው ጠይቋት። ጌሾ የበዛበት ጠላ መራራ እንጂ ብርቱ አይደለም።