የቆመ ሞተር ክብደት

ወላይታ ውስጥ፣ ሻንቶ ላይ “ሞተር” ሲባል ቦክሰርና መሰሎቹ ማለት ነው። አንድ ሲሊንደር፣ 145 ሲሲ ገደማ፣ 12 የፈረስ ጉልበት። የዳሞት ፑላሳን ገበሬ ከነጭነቱ ገበያ የሚያደርሰው ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ሆንዳ ጎልድ ዊንግን እናስብ። ለረጅም ጉዞ ከሚሠሩት ሞተሮች አውራው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ አራት ሲሊንደርና 999 ሲሲ ነበረው፤ ዛሬ ስድስት ሲሊንደርና 1,833 ሲሲ ደርሷል። ከስድስቱ አንዱ ብቻ 305 ሲሲ ይይዛል። ሁለት ቦክሰር ቢገባበት ቦታ ይተርፈዋል፤ ሙሉው ሞተር ደግሞ ከ12 ቦክሰር ይበልጣል። ጉልበቱ ወደ 125 ፈረስ ነው። ይህ ግን በባሕር ጠረፍ ነው። የወላይታዋ ሶዶ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ሳስቷል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። ከጎልድ ዊንጉ በከፍታው ምክንያት የሚጠፋው 25 ፈረስ ብቻውን ሁለት ቦክሰር ይነዳል!

ከትንሽ ሞተር ወደዚህ የሚሸጋገር ሰው ይህን ሲሰማ የሚፈራው ፍጥነቱን ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሞተሩ ሲቆም ያለው ጉድ ነው።

ቦክሰር ወደ 120 ኪሎ ይመዝናል። ትልቁ ጎልድ ዊንግ ወደ 390 ኪሎ ነው፤ አራት ኩንታል ጤፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው። ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህን ሁሉ ጎማዎቹ ስለሚሸከሙት ነጂው ምንም አይሰማውም። ሂሳቡ የሚጀምረው ሲያዘነብል ነው። የክብደቱ መሐል ከመሬት ግማሽ ሜትር፣ መሪው አንድ ሜትር ከፍ ብሏል ብለን በግርድፉ እናስላ። ቦክሰሩ 10 ዲግሪ ቢያዘነብል እጃችሁ ላይ የሚያርፈው 10 ኪሎ ያህል ነው፤ ጎልድ ዊንጉ ላይ 34 ኪሎ። በ20 ዲግሪ ቦክሰሩ 20 ኪሎ ሲሆን ያኛው 67 ይደርሳል። በ30 ዲግሪ 97 ኪሎ፤ እዚህ ላይ ብልህ ሰው እግሩን አሽሽቶ ሞተሩን ይለቀዋል። ቦክሰር ነጂ እግሩን መሬት ላይ ጣል አድርጎ የሚያርማት ያቺ የዕለት ተዕለት መንገዳገድ እዚህ አትታረምም። አዲስ ነጂ ቀድሞ የሚማረውም ይህንኑ ነው፦ መሪው ቀጥ ሳይል አለመቆም፣ በዝግታ ሲታጠፉ የፊት ፍሬን አለመንካት፣ ፍሪሲዮኑን በከፊል ይዞ በኋላ ፍሬን እየተቆጣጠሩ መዞር። ሰፊ ኳስ ሜዳ ካለ ከአስፋልቱ በፊት እዚያ ነው መጀመር። ሆንዳም ችግሩን ስለሚያውቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ባለ ስድስት ሲሊንደሩን ሲያወጣ የኋላ ማርሽ አብሮ ሰጠው። ለሞተር ሳይክል የኋላ ማርሽ!

ክብደት ብቻውን ግን አይፈርድም። የጎልድ ዊንጉ መቀመጫ ከመሬት 74.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ሁለቱንም እግሩን ሙሉ በሙሉ ያሳርፋል። የቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስ አድቬንቸር 268 ኪሎ ሆኖ ሳለ መቀመጫው 89 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አጭር ሰው በጣቱ ጫፍ ቆሞ 30 ሊትር ነዳጅ ከፍ ብሎ የተጫነበትን ነገር ሚዛን ይጠብቃል። ከመቶ ኪሎ በላይ ቀሎ የበለጠ ያስጨንቃል።

ሲነዳ ክብደቱ የጠፋ ይመስላል፤ ያን ጊዜ የሚያሳስበው ፍጥነቱ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑ በደንብ ቢይዝ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በ20 ሜትር ያህል ይቆማል፤ 100 የሚሄደው ግን ከ50 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ነጂው አይቶ እስኪነቃ የሚያልፈው መንገድ ገና አልተቆጠረም። ትልቁ ሞተር 100 መሆኑን አያሳብቅም፤ ቦክሰር 60 ላይ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል። ወላይታ ደግሞ በአገራችን ሰው ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ መንገዱ የልጆችም የከብቶችም ደጃፍ ነው።

የሻንቶን ሞተረኛ ግን አትናቁት። ሦስት ሰው በ60 ኪሎ ሂሳብና 50 ኪሎ ዝንጅብል ሲጨመርበት ቦክሰሩ 350 ኪሎ ይሆናል። (ሕጉ ይፈቅዳል አላልኩም።) ይህ ሰው ጎልድ ዊንግ የሚያህል ክብደት በ12 ፈረስ ጭቃ ላይ ሲያመላልስ ኖሯል። ልዩነቱ፣ ሞተሩ ሲያዘነብል ተሳፋሪ ራሱ ዘሎ ይወርዳል፤ የጎልድ ዊንግ ብረት አይወርድም።

ለረጅም ጉዞስ ትልቅነት ግድ ነው? እ.ኤ.አ. በ2007 ተዋናዮቹ ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቦርማን ከስኮትላንድ ኬፕ ታውን ሲወርዱ ኢትዮጵያን ያቋረጡት በትልልቆቹ ቢኤምደብሊው ነበር። ጋዜጠኛው ቴድ ሳይመን ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ተነስቶ፣ በአገራችንም አልፎ፣ ዓለምን በአራት ዓመት የዞረው በ500 ሲሲ ትራያምፍ ነው። ነዳጁንም ብናየው፣ የጎልድ ዊንጉ 21 ሊትር 375 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል፤ ከሶዶ አዲስ አበባ ደርሶ ማደያ ይፈልጋል። የቦክሰሩ 11 ሊትር፣ በሊትር 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 550 ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ ከግማሽ መንገድ በላይ ይመለስበታል።