የራሱን ቤት የከፈተ ወጥ ቤት
(ምግብ ቤት ስለ መክፈት የተደረሱ ልብ ወለድ ታሪኮች)



ዛሬ የምንነጋገረው ወጥ ቤቶች ከጌታቸው ወይም ከቀጣሪያቸው ተለይተው የራሳቸውን ምግብ ቤት ሲከፍቱ ስለሚያሳዩ ልብ ወለድ ታሪኮች ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ በሲኒማና በቴሌቪዥን እየበዛ ሄዷል። ብዙው ተመልካች ምራቁን እየዋጠ የሚያየው ስለ ምግቡ ሲል ነው። የተሻሉት ታሪኮች ግን ስለ ምግብ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ዋና ነገራቸው፣ አንድ ሰው እጁ የተካነበትን ሙያ ይዞ የራሱ ጌታ ለመሆን ሲነሣ ሙያው ብቻውን የማይከፍልለት ዕዳ መኖሩን ማሳየት ነው።

በቋንቋችን «ወጥ ቤት» የሚለው ስም ክፍሉንም፣ በክፍሉ ውስጥ የሚሠራውንም ሰው ይጠራል። የዱሮ ሰዎች «ወጥ ቤቱ ወደ ገበያ ሄደ» ሲሉ ግድግዳውና ምድጃው ተነሥተው ሄዱ ማለታቸው አልነበረም። ይህ የስም መደራረብ ለዛሬው ነገራችን ይጠቅመናል። የራሱን ቤት የከፈተ ወጥ ቤት፣ ሰውየው የት ላይ አብቅቶ ቤቱ የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት እጅግ ይቸገራልና።

የነገሩ መነሻ ፈረንሳይ አገር ነው። «ሬስቶራንት» የሚለው ቃል በመጀመሪያ የደከመ ሰውነትን የሚያበረታ የመረቅ ስም ነበር፤ በ1760ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ይህን መረቅ የሚሸጡ ቤቶች ተከፈቱና ስሙ ከመረቁ ወደ ቤቱ ተሻገረ። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በንጉሡ ወንድም ቤት ያገለግል የነበረው አንትዋን ቦቪሊዬ ከ1789ኙ አብዮት በፊት በዚያው ከተማ የታወቀ ምግብ ቤት ከፈተ፤ አብዮቱ መሳፍንቱን ሲበትን ደግሞ ጌታ ያጡ ሌሎች ወጥ ቤቶች ተከተሉት። ኤሪክ ቤናር በ2021 ያወጣው «ዴሊሲዩ» የተባለው ፊልም ይህንኑ ዘመን በልብ ወለድ ይተርካል። ማንስሮን የተባለ ወጥ ቤት፣ ድንች ያለበት ምግብ ከራሱ ፈጥሮ በማቅረቡ በመስፍኑ እንግዶች ፊት ተዋርዶ ይባረርና በገጠር መንገድ ዳር ለመንገደኛው ሁሉ ገበታ ይዘረጋል። የመጀመሪያው ምግብ ቤት እንዲህ ተከፈተ ማለቱ ከታሪክ ጋር አይስማማም። ቢሆንም አንድ ነገር በትክክል ያሳያል፤ ሰውየው ከአንድ ጌታ ተላቆ ከፍለው ለሚበሉ ብዙ ጌቶች አደረ።

በእነዚህ ብዙ ጌቶች ፊት የሚደርሰውን መከራ ከሁሉ አብልጦ ያሳየ ነው ብዬ የማምነው በ1996 የወጣው «ቢግ ናይት» ማለት «ታላቁ ሌሊት» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ያዘጋጁት ስታንሊ ቱቺና ካምቤል ስኮት ናቸው። ታሪኩ በ1950ዎቹ ዓመታት በኒው ጀርሲ የባሕር ዳርቻ ይፈጸማል። ከኢጣሊያ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ምግብ ቤት ከፍተዋል። ታላቁ ፕሪሞ ምድጃውን፣ ታናሹ ሴኮንዶ ሒሳቡንና እንግዳውን ይዘዋል። ገበታው ግን ባዶ ነው። አንዲት ወይዘሮ ሪዞቶ የተባለውን፣ በመረቅ ቀስ እየተባለ የሚበስለውን ሩዝ አዝዛ ብዙ ከጠበቀች በኋላ፣ ከሩዙ ጋር ስፓጌቲ ይምጣልኝ ትላለች። ሴኮንዶ ሩዝና ፓስታ አንድ ዓይነት መሆናቸውን በትሕትና ለማስረዳት ይሞክራል፤ ፕሪሞ በጓዳ ሆኖ በንዴት ይጤሳል። (ፍርፍርን በእንጀራ የምንበላ እኛ ለወይዘሮዋ ማዘናችን አይቀርም።) ታናሹ፣ ሪዞቶ ገንዘብና ጊዜ ይፈጃልና ከምግቡ ዝርዝር ይውጣ ብሎ ሲለምን ታላቁ በፌዝ ይመልስለታል።

ከመንገዱ ማዶ ፓስካል የተባለ ነጋዴ ምግብ ቤት በየሌሊቱ ጢም ብሎ ይሞላል። ፓስካል በመጀመሪያ እንግዳው የወደደውን መስጠት፣ የራስን ጥበብ ማቅመስ ከዚያ በኋላ እንደሚሆን ያምናል። ባንኩ ለወንድማማቾቹ ጊዜ አልጨምርም ባለ ጊዜ ፓስካል፣ ሉዊ ፕሪማ የተባለውን ዝነኛ ዘፋኝ ልጋብዝላችሁ ይላቸዋል። ዘፋኙ ከበላበት ጋዜጣ ይጽፋል፤ ጋዜጣ ከጻፈ እንግዳ ይመጣል። ወንድማማቾቹ የቀረቻቸውን ገንዘብ ሁሉ አውጥተው ድግስ ይደግሳሉ። ከምግቦቹ ዋናው ቲምፓኖ ይባላል፤ የከበሮ ስም ነው። በሊጥ ሽፋን ውስጥ ፓስታ፣ እንቁላል፣ ሥጋና አይብ ታጭቆ የሚጋገር ነው። የተጠሩት ሁሉ እስኪደክሙ ይበላሉ፤ ዘፋኙ ግን አይመጣም። ፓስካል ቀድሞውንም አልጠራውም ነበር። የፈለገው ቤታቸው ወድቆ ወንድማማቾቹ የእርሱ ተቀጣሪዎች እንዲሆኑ ነው።

ፕሪሞ እውነተኛ ባለ ሙያ፣ ፓስካል አታላይ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ነገር ግን ፊልሙ ፕሪሞንም አያድነውም። ለበላተኛው ጣዕም የማይጨነቅ ወጥ ቤት፣ ክፉ ነጋዴ ባይኖርም እንኳ፣ ባንኩ በቆረጠው ቀን ከመዘጋት አይድንም። ያ ሌሊት ነግቶ ወንድማማቾቹ ተጣልተው ካደሩ በኋላ፣ ወጥ ቤት ያልሆነው ታናሹ እንቁላል ሰብሮ ይጠብስና ለወጣቱ አሳላፊ፣ ለራሱና ዘግይቶ ለሚገባው ወንድሙ ያካፍላል። አምስት ደቂቃ ያህል የሚናገር የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ሒሳብ የማይጠይቅበት ምግብ ያ ብቻ ነው።

በዚህ ታሪክ የቀረው የተጠበቀው እንግዳ ነው። በትውልዱ ቱኒዚያዊ የሆነው አብደላጢፍ ከሺሽ በ2007 ባወጣው የፈረንሳይ ፊልም ግን እንግዳው ሁሉ መጥቶ የሚቀረው ምግቡ ነው። የፊልሙ ስም በእኛ ቋንቋ «ፍሬውና ዓሣው» እንደ ማለት ነው፤ ፍሬ የተባለው ኩስኩስ ነው። ስሊማን የተባለ ሽማግሌ በደቡብ ፈረንሳይ የወደብ ከተማ በመርከብ መጠገኛ ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ የሥራ ሰዓቱ ይቀነስበታል። አንድ ያረጀ መርከብ አድሶ ምግብ ቤት ለማድረግ ያስባል። የሚበስለውም የቀድሞ ሚስቱ የሱአድ የዓሣ ኩስኩስ ነው። ከባንክ ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ጤና ቢሮ የሚዞርበት ክፍል ረጅም ነው፤ ከኛም መካከል ፋይል ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ሁሉ ቦታውን ያውቀዋል። በመጨረሻም ሹማምንቱን ለማሳመን በመርከቡ ላይ ግብዣ ያደርጋል። ኩስኩሱ ግን በመኪና ውስጥ እንዳለ፣ ልጁ አንዲት ሴት እንዳታገኘው ሸሽቶ መኪናውን ይዞ ይጠፋል። ስሊማን ሱአድን ፍለጋ በትንሿ ሞተር ብስክሌቱ ሲሄድ አያገኛትም፤ እርሷ በዚያ ሰዓት ለአንድ ድኃ ከኩስኩሷ ሰሐን ይዛ ወጥታለች። የሹማምንቱ ጠረጴዛ ባዶ ሆኖ ሳለ ድኃው ድርሻውን አገኘ።

ከዚህ አንጻር ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የማይጨንቃቸው ታሪኮች ቀላል ናቸው። በ2007ቱ «ራታቱዊ»ም፣ በ2014ቱ «ሼፍ»ም ወጥ ቤቱን ሲያስጨንቅ የነበረው የምግብ ሐያሲ በመጨረሻ ገንዘቡን አውጥቶ አዲስ ቤት እንዲከፈት ይረዳል። ሁለቱም ደስ የሚያሰኙ ፊልሞች ናቸው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ባንክ በየትኛውም አገር ቅርንጫፍ አልከፈተም።

ክሪስቶፈር ስቶረር በ2022 የጀመረው «ዘ ቤር» የተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ ዕዳውን በግልጥ ቁጥር ይናገራል። ካርሚ የተባለ በታላላቅ ምግብ ቤቶች የሠለጠነ ወጣት፣ ራሱን ያጠፋ ወንድሙ የተወለትን በቺካጎ የሚገኝ የሳንድዊች ቤት ይረከባል። በ2023 በታየው ሁለተኛ ክፍል ያንን ቤት አፍርሶ ታላቅ ምግብ ቤት ሊያደርገው ይነሣል። አጎት ብሎ ከሚጠራው ባለ ጸጋ 500,000 ዶላር ይበደራል፤ ከቀድሞው ብድር ጋር በ18 ወር ካልከፈለ ሕንጻውና መሬቱ የአበዳሪው ይሆናል። ግድግዳው ይሻግታል፤ የእሳት መከላከያው ምርመራ ይወድቃል፤ የማቀዝቀዣውን ክፍል በር የሚጠግን ሰው መጥራት ከቀን ወደ ቀን ይተላለፋል።

የመክፈቻው ሌሊት ደርሶ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ያ በር በካርሚ ላይ ይዘጋበታል። እንግዳው አለ፤ ምግቡም አለ፤ የቀረው ወጥ ቤቱ ነው። ረዳቱ ሲድኒ ትርምሱን ትጋፈጣለች። ትእዛዝ የመጥራቱን ሥራ ደግሞ ሪቺ ይይዛል። ሪቺ ሥርዓት የለሽ ተብሎ ሲናቅ የኖረ ሰው ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት በሌላ ታላቅ ምግብ ቤት ሹካ ሲያብስ ሰንብቶ፣ እንግዳን ማገልገል ምን እንደሆነ በዚያ ተምሯል። አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ ገበታ በገበታ ይጠራል፤ ሰሐኖቹም ይወጣሉ። ካርሚ ከብረቱ በር ኋላ ቆሞ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ ይህ ሁሉ የደረሰው ለራሱ ፍቅርና ደስታ ጊዜ በመስጠቱ ነው እያለ ራሱን ይከሳል። የሚወዳት ልጅ በሩ ማዶ ሆና እንደምትሰማው አላወቀም። በውጭ ቤቱ ሥራውን ቀጥሏል።